ከደሴቷ ጀርባ ያለውን የሚያውቁት ጋሽ ፈንታሁን ብቻ ነበሩ

ጠዋት ከዳንግላ ተደወለ። የጋሽ ፈንታሁን እህት ናት። «ፈንታሁን አረፈ» ስትለኝ «የትኛው ፈንታሁን?» አልኳት። የማውቀው ፈንታሁን አንድ ብቻ ነው።

አሁንም አላመንኩም። ባለፈው ሳምንት እሷ ዘንድ ሆነው ሊታከሙ ሲሄዱ የክፍላቸውን ቁልፍ ሰጥተውኝ «ጠረጴዛውን እንዳትነኪብኝ፤ ጨዋታው አላለቀም» ብለውኝ ነበር።

ለማታውቋቸው፦ ጋሽ ፈንታሁን እንጅባራ እኔ ግቢ ውስጥ ተከራይተው የኖሩ የድሮ ባሕር ኃይል ናቸው። በወጣትነታቸው ቀይ ባሕር ላይ በጥበቃ ጀልባ ተዋግተዋል። አገራችን ወደብ ስታጣ እሳቸውም ሥራ አጡ፤ ወደ ትውልድ ቦታቸው ተመልሰው ከሰል ነጋዴ ሆኑ።

ክፍላቸው ውስጥ አንድ አሮጌ በር ጠረጴዛ ላይ አጋድመው፣ ሰማያዊ ቀብተው ባሕር አደረጉት። የባሕሩን ዳርቻ በጭቃ ሠሩ። ጀልባዎቹን ከቀርከሃ ጠረቡ፤ ከአውራ ጣት አይበልጡም። እሑድ ከሰዓት በኋላ እየተሰበሰብን የጦርነት ዘመን የባሕር ዳርቻ ውጊያ እንጫወት ነበር፤ የሚያጫውቱን እሳቸው ናቸው። መምህር ይሁኔ የጭነት መርከቧን፣ የባጃጅ ሹፌሩ ደሳለኝ መድፍ ያላትን ጀልባ፣ እኔ ደግሞ ፊት ፊት እየሄደች መንገድ የምታጣራውን ትንሿን ጀልባ እንነዳለን። ርቀት በክር ይለካል። ተኩስ መምታት አለመምታቱ በሉዶ ዳይስ ይታወቃል፤ ነጥቡን ጋሽ ፈንታሁን በአዊኛ ይቆጥሩታል።

ሕጉን ጽፈው ግድግዳ ላይ ለጥፈውት ነበር። ጮክ ብዬ የማነበው እኔ ነኝ። ፊደል የለየሁት ልጆቼ ሲያጠኑ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ነው። ሰው ፊት እንዳነብ ያደረጉኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው።

ጨዋታው ሌሊት ነው ተብሎ ነው የሚታሰበው። ስለዚህ የጠላት ጀልባዎች ጠረጴዛው ላይ አይቀመጡም። የት እንዳሉ የሚያውቁት ጋሽ ፈንታሁን ብቻ ናቸው። የትም አይጽፉትም፤ በጭንቅላታቸው ነው የሚይዙት። ቀርበን ስናገኛቸው ብቻ ከኮታቸው ኪስ አውጥተው ያስቀምጧቸዋል። «እዚያ ጋ ምን አለ?» ስንላቸው መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው።

«ገብቶ ማየት ነው።»

ሰው ሳቀባቸው። «ዘንገና ሐይቅ ላይ ነው የምትዋጉት?» ይሉን ነበር። «የባሕር ዛፍ ኃይል» የሚል ስም አወጡላቸው። ዛሬ ፎቷቸውን ከሻማ ጋር ከለጠፋችሁት መካከል ይህን ስም የጠራችሁ አላችሁ። አውቃችኋለሁ።

የመጨረሻው ጨዋታ ክረምቱ ሲገባ ነበር። የጭነት መርከቧን ወደብ ማድረስ አለብን። መንገዳችን ላይ አንዲት ደሴት አለች። ተራው የኔ ሆነ፤ ከደሴቷ ጀርባ መታጠፍ ነበረብኝ።

«ሞተር አጥፍቻለሁ» አልኩ።

«እትዬ እናኑ፣ ነዳጄ እኮ እያለቀ ነው» አለ ደሳለኝ። «ለባጃጄ ተሰልፌ ነው የማድረው፤ ደግሞ እዚህም ልሰለፍ?»

«አንተ ዝም በል። ከኋላ ሆኖ ማንን ያቅተዋል።» ወደ ጋሽ ፈንታሁን ዞርኩ። «ከጀርባዋ ምን አለ ጋሼ?»

«ገብቶ ማየት ነው፣ እናኑ።»

«እስቲ ላስብበት።»

መምህር ሰዓቱን አየ። ሰዓት እላፊ ሊደርስ ነው። ለሚቀጥለው እሑድ ተባብለን ተነሳን።

በሚቀጥለው እሑድ ዝናብ ነው ተባለ። ከዚያ መንገድ ተዘጋ ተባለ። ከዚያ መምህርም ደሳለኝም ምንም ሳይባል ቀሩ። ጋሽ ፈንታሁን ጠረጴዛውን በፕላስቲክ ሸፈኑት። እሑድ በመጣ ቁጥር በርጩማዎቹን አውጥተው ይደረድራሉ። ሲታመሙም አልተዉም። ለመምህር ስደውል «ኔትወርክ እምቢ ብሎኝ ነው» አለ። ደሳለኝ በበራችን ሲያልፍ ክላክስ አድርጎ እጁን ያወዛውዛል። መጀመሪያ መጀመሪያ ጋሽ ፈንታሁን ክላክሱን ሲሰሙ ተነስተው በሩን ይከፍቱ ነበር። በኋላ ተዉት።

ይህን መጻፍ የጀመርኩት እናንተ ላይ ልፈርድ ነበር። ግን ተራው የኔ ነበር። እኔ እዚያው ግቢ ውስጥ ነኝ። ሾርባ ይዤላቸው ስገባ ፕላስቲኩን ገለጥ አድርገው «እናኑ፣ ተራሽ ነው» ይሉኛል።

«ሌሎቹ ይምጡ» እላለሁ።

አንዲት የቀርከሃ ጀልባ በጣት መግፋት ነው።

ለምን እንደማልገፋት ያውቁ ነበር። ባለቤቴ ጫግኒ ሥራ ላይ ሳለ ታሞ ድረሽ ተብዬ ሲደወልልኝ፣ መንገዱ ያስፈራል ሲባል ሰምቼ ይንጋ ብዬ ተቀመጥኩ። ስደርስ ገንዘውታል። መንገዱ ላይ ምንም አልነበረም። ይህን የነገርኩት ለጋሽ ፈንታሁን ብቻ ነው። አላጽናኑኝም። በሚቀጥለው እሑድ ግን ከኋላ የምትሄደውን ጀልባዬን ወስደው የፊቷን ሰጡኝ።

ጋሽ ፈንታሁን፣ ዛሬ ጠረጴዛውን ነካሁብዎ። ፕላስቲኩን አንስቼ ጀልባዬን ከደሴቷ ጀርባ አስገባኋት። ከዚያ ቆሜ ጠበቅሁ። ኮትዎ ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል፤ የጠላት ጀልባዎች ኪሱ ውስጥ ናቸው፤ በእጄ ዳሰስኳቸው። የትኛዋ የት እንደነበረች የሚነግረኝ የለም። ያየሁት ሰማያዊ ቀለም ብቻ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ የፈራሁት ባዶ ባሕር ይሁን አይሁን ሳላውቅ እሞታለሁ።

እርስዎ አሁን ያሉበት ምን እንዳለ አልጠይቅዎትም። መልስዎን አውቀዋለሁ።

በደህና ይግቡ፣ ጋሼ።