ከጎታው ጀርባ የነበረው መፍቻ

ያሰሩኝ ከነመኪናዬ ነው። ሁሩታ፣ የእርሻ መሥሪያ ቤታችን ግቢ ውስጥ ጠዋት ሞተር ሳሞቅ ሁለት የታጠቁ ሰዎች መጡ። አንዱ ከጎኔ ገባ፣ ሌላው ከኋላ ጭነቱ ላይ ወጣ። «ወደ አሰላ ንዳ» አሉኝ፤ ነዳሁ። ከከተማው በላይ፣ ከአንድ ባላባት የተወረሰ ግቢ ስንደርስ ቁልፉን ተቀበሉኝና ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ራሱን ነድቶ ያስረከበ እስረኛ ከእኔ ሌላ ይኑር አይኑር አላውቅም።

ያስገቡኝ የእህል መጋዘን ነበር። ባዶ ነው፤ የተልባ ሽታ ግን ከግድግዳው አልወጣም። መስኮት የለውም። ከጣሪያው ሥር አንድ ጡብ የወለቀባት ቀዳዳ አለች፤ በእሷ ጠዋት ጠዋት ትንሽ ብርሃን፣ ማታ ማታ ደግሞ የጭላሎ ተራራ ብርድ ይገባል። ሌሎቹ እስረኞች ፊት ለፊት ካለው ቤት ታጭቀው ነበር። ሲያስሉ፣ ሲጨቃጨቁ፣ «እግርህን ሰብስብ» ሲባባሉ እሰማለሁ። እኔን ለምን ለብቻዬ እንዳደረጉኝ እስከ ዛሬ አልገባኝም። እግሬን ሰብስብ የሚለኝ ሰው አጥቼ እነሱ ላይ እቀና ነበር።

መጀመሪያ ላይ ባለቤቴ ከሁሩታ ስንቅ ትልክልኝ ነበር። ከዚያ ድንገት ቀረ። ጠባቂውን ጠየቅሁት፤ ብዙ የሚናገር ሰው አልነበረም።

«የለም ተብለዋል» አለኝ።

«ማን ነው የሌለው?»

«አንተ ነሃ!» ብሎ ዘጋብኝ።

በዚያ የአብዮት ዘመን ስንቅ ይዞ የመጣ ሰው «እዚህ የለም፣ ከእንግዲህ አታምጡ» ከተባለ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነበር። ተሳስተው ይሁን ሆን ብለው አላውቅም። ባለቤቴ ግን ለቅሶዬን ተቀምጣለች ማለት ነው። እዚያ ሲሚንቶ ላይ ተጋድሜ ማን መጥቶ ይሆን፣ ማን ድንኳኑን ተከለ፣ እናቴን ማን ደግፎ አመጣት እያልኩ የራሴን ለቅሶ በሐሳቤ አስተናገድኩት። ሞትን ያን ያህል አልፈራሁም። በሕይወት እያለሁ እሷ ዘንድ መሞቴ ግን አንጀቴን በላው።

ከውጭው ዓለም የቀረችኝ ወዳጅ መኪናዋ ነበረች። እዚያው ግቢ ታድራለች፤ ስትወጣም ስትገባም ድምጿን እሰማለሁ። አሮጌ ፒክአፕ ናት፣ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል። ጭቃ ሲሆን ትንሿን ማርሽ ታስገባለህ፣ የፊቱም ጎማ አብሮ ይጎትታል። መንገዱ ሲደርቅ ማውጣት አለብህ፤ አለዚያ የፊቱና የኋላው እርስ በርስ ይጓተታሉ። ክረምቱ አልፎ መሬቱ ጠጥሯል፤ እሷ ግን ግቢው ውስጥ በዞረች ቁጥር ጎማዋ ይጮኻል፣ እየዘለለች ትንገጫገጫለች። የገዛ ከብቴን ሰው ሲደበድብብኝ የምሰማ ይመስለኝ ነበር። «አውጣት አንተ ሰው!» እያልኩ ለግድግዳው እጮኻለሁ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ በሩ ተከፈተ። ከጠባቂው ጋር አንድ ቀጠን ያለ ሰው ቆሟል፤ እጁ በግሪስ ጠቁሯል፣ ፒንሳ ይዟል። አዲሱ ሾፌር ነበር፣ ከአርቦዬ በኩል የመጣ።

«ይቺን መኪና ስትነዳ የነበርከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ማርሿ አልወጣም ብላኛለች። ጓድ ኃላፊ ደግሞ ነገ ጮሌ ከተማ መሄድ ይፈልጋል። ና እያት።»

ስወጣ ፀሐዩ ዓይኔን አጠፋው። ኃላፊው በረንዳው ላይ ወንበር አስወጥቶ ተቀምጧል። መኪናዋን ዞሬ አየኋት። በሯ ተጣሟል፣ ወለሉ ላይ የሰው ነጠላ ጫማ ወድቋል፤ የማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ትንሿን ማርሽ ሞከርኳት፤ የተበየደች ያህል ደርቃለች።

«በጉልበት አትምጣባት» አልኩት ሾፌሩን። «ተወጣጥራ ነው። መሪውን ቀጥ አድርገህ በቀስታ ወደ ኋላ ንዳት፤ ሲላላ ራሷ ትለቃለች።»

«ወደ ኋላ?» ብሎ ፈገግ አለ። ዓይኑን ወደ በረንዳው ወርወር አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሁሉም ወደፊት በሚልበት በዚህ ግቢ ቃሉን ጮክ ብለህ እንዳትለው።»

ስንት ጊዜ እንደሆነ እንጃ፣ ከሰው ጋር ከሳቅሁ። ነዳት። እኔ በመስኮቱ እጄን አስገብቼ ማርሿን ያዝኩ። ጥቂት እንደሄደች ከሥሯ ቋ የሚል ድምፅ ተሰማና ማርሿ እጄ ላይ ላላች። ሾፌሩ «ገለቶሚ!» አለ በኦሮምኛው፣ ምስጋናው ሳያስበው አምልጦት።

ሥራው እዚህ ላይ ማለቅ ይችል ነበር፤ ወደ መጋዘኔ መመለስም ነበረብኝ። የፊት ጎማዎቹን ልይ ብዬ ጎንበስ አልኩ። ጎማዎቹ እምብርት ላይ፣ ጎማውን ከዲፈረንሻሉ ጋር የሚያያይዝ፣ በእጅ የሚዞር መቆለፊያ አለ። የቀኙ ተከፈተልኝ። የግራው ጭቃና ዝገት ይዞታል፣ ንቅንቅ አይልም። ያን ጊዜ ሐሳቡ መጣልኝ።

«ጓድ» አልኩ ቀና ብዬ። «ይኼኛው ካልተፈታ ጮሌ አትደርስም። ዳገት ላይ ታቆማችኋለች።»

«ፍታዋ» አለ ኃላፊው።

«ለእሱ የሠራሁት መፍቻ አለ። ከመኪና ባሌስትራ ብረት ስባሪ የሞረድኩት፣ ባለ ሁለት ጥርስ። ሁሩታ ቤቴ ነው ያለው።»

ሾፌሩ ቀና ብሎ አየኝ። መቆለፊያው በመዶሻና በፒንሳ እንደሚፈታ፣ ባይፈታም እንኳ መኪናዋ ጮሌ ደርሳ እንደምትመለስ ሁለታችንም እናውቃለን። እሱ ግን የያዘውን ፒንሳ ከወንበሩ ሥር ከተተው።

«ልክ ነው ጓድ» አለ። «ካለሱ ይሰበራል።»

ኃላፊው ትንሽ አሰበና ጣቱን ወደ ሾፌሩ ቀሰረ። «ሄደህ አምጣ። የዚህ ሰው ስም ግን ከአፍህ እንዳይወጣ። መሥሪያ ቤቱ ፈልጎት ነው በል።»

«ከገበያው በላይ፣ ሰማያዊ በር» አልኩት። «ጓዳ ውስጥ ከገብሱ ጎታ ጀርባ፣ መሬቱ ላይ ነው። በካልሲ ተጠቅልሏል።»

መፍቻውን የሚዋሱኝ ሰዎች ስለማይመልሱልኝ ከሁሉም ደብቄው ነበር። ቦታውን ከእኔና ከእሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

እንደዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ብቻዬን የሆንኩበት ጊዜ የለም። ቤት ባትኖርስ? ወደ ወላጆቿ ሄዳ ቢሆንስ? ጎታውን አንስተው ቢሆንስ? መኪናዋ ስትመለስ ገና ከታች ከመንገዱ በድምጿ ለየኋት። ጎማዋ አይጮኽም።

ጠባቂው አወጣኝ። ሾፌሩ የመኪና ማንሻ ክሪኩን ከሥሯ እየወተፈ ነበር። አጠገቡ ተንበረከክሁ። ከብብቱ አንድ ጥቅል አውጥቶ ሰጠኝ። መፍቻው ነው፤ ካልሲው ግን የለም። የተጠቀለለው በጥቁር ሻሽ ነው።

«‹ከጎታው ጀርባ ነው አለህ?› ብላ ጠየቀችኝ፣ ጋሼ» አለኝ ክሪኩን እያሽከረከረ። ያን ቀን ጠዋት አንተ ሲለኝ የነበረ ሰው ነው። «‹አዎ› አልኳት። ስምዎን አልጠራሁም። መሬት ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ ሻሹን ከራሷ ፈትታ ጠቀለለችበት።»

«አለቀሰች?»

«የለም። ‹እንጀራ ብላ› አለችኝ።»

መፍቻውን አስገብቼ አንድ ጊዜ ተጫንኩ። መቆለፊያው ዞረ።

«ለዚህ ነው ሁሩታ ድረስ?» አለ ኃላፊው ከበላያችን ቆሞ።

«ለዚህ ነው ጓድ።»

«በል እጅህን በጨርቁ ጥረግና ግባ።»

እጄን በሱሪዬ ጠረግሁ። ሻሹን መሬቱ ሳይነካው አጣጥፌ ደረቴ ውስጥ ከተትኩና ገባሁ።

ስንቅ ዳግመኛ አልመጣም፤ ብትልክ ሾፌሩን ማስያዝ እንደሆነ ገብቷታል። በኋላ ስፈታ ነጭ ሻሽ አድርጋ ቤታችን ደጅ አገኘኋት። ጎረቤቱ ሁሉ የባሏ አፈር ሳይደርቅ ልብስ ቀየረች ብሎ አምቷት ነበር። አንዲት ሴት ፊት ለፊት ሰድባታለች። ለእናቴ በጆሮዋ ከመንገር በቀር ለማንም ትንፍሽ ሳትል ሐሜቱን ተሸከመችው።

ዘንድሮ ባለቤቴን ቀበርኩ። ልጆቻችን ጥቁር ሊገዙልኝ ሲሉ አለኝ ብዬ ያንን ሻሽ ከሣጥን አውጥቼ አንገቴ ላይ አሰርኩት። እስከ ዛሬ ግሪስ ግሪስ ይላል። አርባዋም አለፈ፣ ሙት ዓመቷም ይመጣል፤ ልፈታው አልቻልኩም። አንድ ሰው በሩን አንኳኩቶ፣ እኔና እሷ ብቻ የምናውቀውን ነገር ከጓዳ አምጣ ተብያለሁ ቢለኝ እፈታው ነበር።