ይርጉ በአንድ ዓይን

ባሌ ይርጉ ዳላስ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሲነዳ አንድም ሰው አልገጨም፣ አንድም ፎቶ ውስጥ የለም። ሁለተኛው ይገርማችኋል አይደል? ከዳላስ ወጣ ብላ ሳክሲ በምትባል ከተማ ያለው ቤታችን ግድግዳው ሁሉ ፎቶ ነው፤ ልደት በሉት፣ ምርቃት በሉት፣ ክርስትና በሉት። እሱ ግን የለበትም፣ ምክንያቱም አንሺው እሱ ነው። “ኧረ አንዴ አንተም ግባ” ስለው “እኔን ደግሞ ማን ሊያየኝ ነው?” ብሎ ይስቃል። ፊቱ የሚገኘው መንጃ ፈቃዱና የኤርፖርት ባጁ ላይ ብቻ ነው፤ በሁለቱም ላይ እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሌባ ይመስላል።

መጀመሪያ ዳውንታውን ፓርኪንግ ሠራ፣ ቀጥሎ ታክሲ ነዳ፣ አሁን በራሱ መኪና ኤርፖርት ሰው ያመላልሳል። ቀደም ሲል ቪከሪ ሜዶ የሚባል ሰፈር አፓርታማ ስንኖር ልጃችን ሐሴት መሀል ከተማ የሥዕል ትምህርት የሚሰጥ ሃይስኩል ገባች። ባቡሩ ከበራችን ብዙም አይርቅም ነበር። ይርጉ ግን እምቢ አለ። አራት ዓመት ሙሉ ሥራውን እያቋረጠ ራሱ ወሰዳት፣ ራሱ መለሳት።

ይቺው ሐሴት ዛሬ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ሠዓሊ ናት። ሠዓሊ ስላችሁ አበባ የምትስል እንዳይመስላችሁ። ሰው ነው የምትስለው፣ ያውም ጥቁር ሰው። “እማዬ፣ ሙዚየም ስትሄጂ ጥቁር ሰው የት ነው ያለው? ጥግ ላይ፣ ትሪ ይዞ! ሶ፣ እኛ ራሳችንን ካልሳልን ማን ይስለናል?” ትለኛለች። እውነቷን ነው። ዘንድሮ ዳላስ ውስጥ ጥቁር ሠዓሊዎች ቤተሰባቸውን ስለው የሚያሳዩበት ኤግዚቢሽን ሲዘጋጅ እሷም ተመረጠች። በሕይወቷ የመጀመሪያው ነው። አንድ ሥዕል ብቻ ነው የተፈቀደላት፣ እሷም አባቷን ሳለች።

ሐሙስ ልታስረክብ ማክሰኞ ዕለት ቤት አምጥታ ሳሎን ውስጥ አስደገፈችው። እልል ልል ትንሽ ነው የቀረኝ! ቁመቱ ከኔ ይበልጣል። ይርጉ ራሱ ቁጭ ብሏል፤ በጎን ሆኖ፣ ዓይኑን ግን ወደኛ ሰረቅ አድርጎ። ጠይም ጉንጩ፣ ሁሌም በደንብ የማይላጨው አገጩ፣ ምን ቀረው?

ይርጉ ከሥራ ገባ። ጫማውን አወለቀ፣ ሥዕሉን ቆሞ አየ። እኔ ደስ ብሎት መስሎኝ ነበር።

“ሌላው ዓይኔስ?” አለ።

“ፕሮፋይል ነዋ አባዬ” አለች ሐሴት።

“እኔ ባደግሁበት ደብር ግድግዳው ላይ ጻድቃን ሁሉ ሁለት ዓይን አላቸው። በአንድ ዓይን የሚሳለው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ሰይጣን! ሰይጣንና ይሁዳ! ምን በደልኩሽ?”

ልጅቷ ክው አለች። እዚህ አድጋ ይሄን ከየት ትወቀው? ከቦርሳዋ አንድ የኳርተር ሳንቲም አወጣችና “ይኸው፣ ፕሬዚዳንቱም በጎን ነው። እሱም ሰይጣን ነው?” አለችው።

“የሱን አላውቅም፣ እኔ ግን ቆራቢ ነኝ። ወይ ዓይን ጨምሪበት፣ ወይ አይሰቀልም። የቤተ ክርስቲያኑ ሰው ሁሉ ሊመጣ ነው!”

“ዓይን አይጨመርም አባዬ።” ስልኳን አነሳች። “ኦኬ። አንተ ካልፈለግክ አልሰቅለውም። ኮል አድርጌ ካንሰል አደርጋለሁ።”

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። “በስመ አብ! ዕድሜህን ሙሉ ማን ሊያየኝ ነው ስትል ኖረህ ዛሬ ዓይን ቆጣሪ ሆንክ? አንቺም ስልኩን አስቀምጪ! ለምን እንዲህ አድርገሽ እንደሳልሽው ንገሪው እንጂ፣ አፍ የለሽም?”

ሐሴት ሲጨንቃት አማርኛዋ ይሰባበራል። “ማለቴ… አንተን እኔ የማውቅህ እንደዚህ ነው። አራት ዓመት፣ መኪና ውስጥ፣ እኔ እዚህ፣ አንተ እዚያ። ሁሌ ከዚህ ነው ያየሁህ። ይሄን ጆሮ ዓይኔን ጨፍኜ መሳል እችላለሁ። ከፊት ብስልህ ሌላ ሰው ነው የምስለው።”

ይርጉ ወደ ሥዕሉ ጠጋ አለ። ደረቱ ላይ በሰያፍ የወረደውን መስመር ሊነካ ሲል “አትንካው፣ አልደረቀም!” ብላ ጮኸች። እኔ የነጠላ ጥለት ነው ብዬ ነበር፤ ለካ የመኪና ቀበቶ ነው። እሱ ግን ወዲያው ነው ያወቀው።

“ሐሙስ በስንት ሰዓት ነው የምታስረክቢው? እኔ አደርስሻለሁ” አለና ሊታጠብ ገባ።

ቅዳሜ መክፈቻው ላይ ሱፉን ለብሶ ከሥዕሉ አጠገብ ቆመ፤ ንቅንቅ አላለም። የማናውቃቸው ሰዎች እየመጡ ከሥዕሉ ጋር ፎቶ አነሱት። ኮራሁ፣ ምን እደብቃለሁ፣ አለቀስኩም። በመሃል የሰበካ ጉባኤያችን ሽማግሌ ጋሽ ነቢዩ መጡ። ሥዕሉን ከላይ እስከ ታች አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “ምነው ይርጉ፣ ልጅህ በአንድ ዓይን አስቀረችህ?” አሉት።

ይርጉ ፈገግ እንኳ አላለም።

“ሌላው ዓይኔ መንገዱ ላይ ነው፣ ጋሼ። ልጅ ይዣለሁ።”