ለሩቁ የተገዛ ሌንስ

ገድሉ ፎቶ አንሺ ነው። ባሕር ዳር፣ ግሽ ዓባይ ሰፈር ውስጥ ጠባብ ፎቶ ቤት አለችው፤ ከኋላዋ ባለችው ክፍል ከእናቱ ከወለተ ሩፋኤል ጋር ይኖራል። ሠርግ ባለ ጊዜ ሙሽሮች ለፎቶ ወደ ሐይቁ ዳር ሲወርዱ አብሯቸው ይወርዳል። ሙሽሮቹ ይለዋወጣሉ፤ ከጀርባቸው ያለው ጣና ግን ያው ነው።

ያን ነገር መጀመሪያ ያየው በአንዲት ሙሽራ ትከሻ በኩል ነው። ከማዶ፣ ወደ ውኃው የገባች፣ ሰው የማይኖርባት የመሬት ምላስ አለች። ጫፏ ላይ አንድ ጥቁር ነገር ቆሟል። ቀጭን፣ ቀጥ ያለ፣ ከአናቱ ጎንበስ ያለ፤ ጋቢ ተከናንቦ ሰው የሚጠብቅ ይመስላል። በሚቀጥለው ሠርግ ፎቶም ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ባነሣው ሁሉ ነበር። በባዶ ዓይን ሲፈልገው ውኃው ያብለጨልጭበታል። በኮምፒውተር ሲያሳድገው ነጠብጣብ ሆኖ ይበተናል።

ገድሉ ታንኳ ነው ብሎ አሰበ። ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ውኃ ይጠጣል። ባለታንኳ ከሐይቁ ሲወጣ ታንኳውን ጎትቶ በቁሙ ያቆመዋል፤ ውኃው ወደ ታች እየወረደ ከላይ ወደ ሥሩ ይደርቃል። እርጥቡን ያጋደመው እንደሆነ ይበሰብስበታል። የቆመ ታንኳ ከሩቅ ሰው ነው የሚመስለው፤ በልጅነቱ እጁን አንሥቶ ሰላም ያላለውና ያልተሳቀበት የጣና ዳር ሰው የለም።

እናቱ ግን ፎቶውን ከኮምፒውተሩ ላይ ስታየው እንዲህ አላሰበችም።

"አለበል ነው" አለች።

አለበል የገድሉ ታናሽ ወንድም ነው። ከዘጌ እንጨት በታንኳ እየጫነ ወደ ከተማ ያመጣ ነበር። ካቻምና ክረምት ማዕበል በተነሣበት ቀን እንደወጣ ቀረ፤ እሱም ታንኳውም አልተገኙም። ጎረቤት ተሰብስቦ አለቀሰ። ወለተ ሩፋኤል ግን ሬሳውን ሳላይ ብላ ፍትሐትም ተዝካርም ከለከለች።

ፎቶውን ካየች ወዲህ ማታ ማታ ከሐይቁ ዳር ካለው ሾላ ሥር ሄዳ ወደ ማዶ እያየች ትቆማለች። እህል መቅመስ ተወች። ነጠላዋ ከትከሻዋ ላይ እየተንሸራተተ ያስቸግራት ጀመር፤ ትከሻዋ ሟሟ። የነፍስ አባቷ አባ ጥዑመ ልሳን ሊመክሯት መጡ።

"ወለተ ሩፋኤል፣ ነፍሱን አታንገላቺ። ተዝካሩን አውጪለት።"

"አባቴ፣ ቆሞ የሚያየኝን ልጅ እንዴት ብዬ ሙት ልበለው?"

አባ ወደ ገድሉ ዞሩ። "ይህን መሣሪያ የተሸከምኸው ለሙሽራ ብቻ ነው? ማዶ ያለውን አቅርበህ አሳያት እንጂ። ሳትሞትብህ።"

ገድሉ በማግሥቱ ያገለገለ ካሜራ ወደሚሸጠው ወደ ሙሐዲን ሱቅ ሄደ።

"ሌንስ ፈልጌ ነበር።"

"ያንተ ምን ሆነ?"

"ቅርብ ብቻ ነው የሚያይ።"

"ታዲያ ባለቤቱን መስሎ ነዋ" አለ ሙሐዲን፤ ሦስት ሌንስ አውጥቶ መስታወቱ ላይ ደረደረለት። "ይኸኛው ሩቅ ያያል፤ ዋጋውም ቀላል ነው። አጠገብህ ያለችውን ሙሽራ ግን አፍንጫዋን ብቻ ነው የሚሰጥህ። ያኔ አሮጌውን ልትመልስ፣ በዚያ ነፋስ መካከል ካሜራህን ከፍተህ አቧራ ልታበላው ነው። ይኸኛው ደግሞ ጥራቱ ግሩም ነው፤ ግን ማዶ አይደርስልህም።"

"ይህስ?"

"ይህ ለሁሉም የሚሆን ነው። ከአሥራ ስምንት እስከ ሁለት መቶ ሚሊ ሜትር። ጥግ ጥጉ ላይ ትንሽ ይደበዝዛል፤ ጨለማም አይወድም። ቅርቡንም ሩቁንም ግን ሳትፈታው ታይበታለህ። አንድ ካሜራ ብቻ ላለው ደሀ ይኸ ነው።" ወደ ወለሉ አዘቀዘቀው፤ ሌንሱ ማንም ሳይነካው ቀስ ብሎ ረዘመ። ወደ ጣሪያው ሲያቀናው መልሶ ተሰበሰበ። "ይህ ነው ዐመሉ። ለብቻህ ስትሆን እንዳያስደነግጥህ።"

"እሱን እወስዳለሁ።"

"ሙሽራን በሁለት መቶ ስታነሣት ምን ልትላት ነው? ማዶ ተሻግረሽ ቁሚልኝ ልትላት!"

"ለሙሽራ አይደለም። እናቴ አለበልን አየሁት ትላለች። አለመሆኑን ላሳያት ብዬ ነው።"

ሙሐዲን ሳቁን ተወ። ሌንሱን በጨርቅ ጠርጎ ክዳኑን ገጠመለት። "አላህ ያግራልህ" አለ። "ያሰብኸው ካልሆነ መልሰው፤ እቀበልሃለሁ።"

ነፋስ በሌለበት ማለዳ እናቱን ይዞ ወረደ። ካሜራውን ከሾላው ግንድ ላይ አስደግፎ ሌንሱን እስከ መጨረሻው አረዘመው። ማዶ ቀረበ። ነገሩ ቆሟል። አነሣና ከካሜራው ጀርባ ላይ ፎቶውን አሳደገው፤ ከትከሻው ላይ ሸክም የወረደለት መሰለው።

"ታንኳ ነው፣ እማ። ነይ እዪው።"

ጎንበስ ብላ አየች። የተጠቀለለው ደንገል አንድ በአንድ ይለያል። ከአናቱ፣ ከታንኳው አፍንጫ ላይ የታሰረው ቁራጭ ጨርቅም ይታያል፤ ሰማያዊ ነው፣ ነጭ ደመና ተስሎበታል።

ገድሉ ጨርቁን ያውቀዋል። ፎቶ ቤቱ ውስጥ ሰማይ የተሳለበት መጋረጃ ነበረው። ሲያረጅበት ቀደደና፣ የታንኳህን አፍንጫ እሰርበት ብሎ ለአለበል ሰጠው።

"ታንኳ ነው" አለች እናቱ። "ማን አቆመው?"

ገድሉ ፎቶውን ደግሞ አየው። የደንገል ታንኳ ሁለት ክረምት አይኖርም። ይህ ግን ከአናቱ እስከ ወገቡ እንደ አዲስ ገለባ ነጥቷል። ከወገቡ በታች ጥቁር ነው፤ ከሥሩ ድንጋዩ ላይ ውኃ ወርዷል። ከሐይቁ ወጥቶ ገና እየደረቀ ያለ ነው።

"ታንኳውን የሚያደርቅ መንገድ ያለበት ሰው ነው" አለች። "መሄጃ ከልክዬው ኖሯል። ተዝካሩን አውጣለት።"

ተዝካሩ ወጣ። አባ ጥዑመ ልሳን ፍትሐቱን ፈቱ፤ ዘመድ ጎረቤት በላ፣ ጠጣ፣ "ነፍስ ይማር" ብሎ ተነሣ። ወለተ ሩፋኤልም ከሰው ጋር ቀመሰች፤ ተኛችም። ገድሉ ትንፋሿን እየሰማ፣ ሌንሱ ዋጋውን አወጣ ብሎ አሰበ።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ መሄዱን ለማረጋገጥ ወረደ። ሾላውን አልፎ ውኃው ጫፍ ላይ ቆመ፤ ሌንሱን አርዝሞ ማዶውን ቃኘ። ድንጋይ አለ፤ ወፍ አለ። የቆመ ነገር የለም። ደስ አለውና ካሜራውን ከዓይኑ ሳያወርድ፣ ንጋት የያዘውን የሾላውን ቅርንጫፍ ላንሣ ብሎ ወደ ኋላው ዞረ፤ ወደ ላይ አቀናው። ሌንሱ እንደ ዐመሉ በእጁ ውስጥ ቀስ እያለ ተሰበሰበ። የተሰበሰበ እንደሆነ ብዙ ያስገባል። መጀመሪያ ቅርንጫፉ ገባ፣ ቀጥሎ ግንዱ፤ ግንዱን ተደግፎ የቆመውም ገባ።

ካሜራውን አወረደ። ታንኳው አልጠፋም። ሲወርድ በጨለማው ያለፈው በአጠገቡ ነው።

አፍንጫው ላይ ያለችውን ደመና ነካ። ደርቃለች። እጁን በደንገሉ ላይ ወደ ታች ወሰደው፤ ከጉልበቱ በታች እርጥብ ነው። ዙሪያውን ቢያይ የሰው እግር ዱካ የራሱ ብቻ ነው።

ቤት ሲደርስ እናቱ መንገድ እንዳለበት ሰው ነጠላዋን ለብሳ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ፊቷን ታጥባለች። ታንኳው መምጣቱን ማንም አልነገራትም።

"ደረቀ?" አለችው።

ገድሉ በሩን ከኋላው ዘጋ።

"ገና ነው፣ እማ" አለ። "ከሥሩ እርጥብ ነው።"

"እሺ" አለችና ነጠላዋን አውልቃ አጣጠፈች።

ሌንሱን ለሙሐዲን አልመለሰም፤ ሙሽሮቹን እስከ ዛሬ የሚያነሣው በእሱ ነው። ማለዳ ማለዳ ግን ከካሜራው በፊት ባልዲ ይዞ ይወርዳል። ከሐይቁ ይቀዳና እንዳይደርቅ ከታንኳው ሥር ያፈስበታል። ዓሣ አጥማጆቹ በመጀመሪያ ሳቁበት።

"አንተ ገድሉ፣ እርጥብ ደንገል ይበሰብሳል እኮ" ይሉታል።

"ይበስብስ" ይላቸዋል።

አልበሰበሰም። ሌሊቱን ይደርቃል። ገድሉ አፍስሶ ሲመለስ እናቱ ከአልጋዋ ላይ ሆና ትጠይቀዋለች፤ እሱም፣ ገና ነው፣ ይላታል።