የኪራይ ቤቴን ለእናቴ ስነግራት

ቤሩት ልሄድ ዋዜማው ምሽት ላይ ጎረቤቱ ሁሉ ወልድያ እናቴ ቤት ሊሸኘኝ ተሰብስቦ ነበር። አንዷ ሽቶ፣ አንዷ ሻሽ ላኪልኝ ትላለች። እናቴ ደግሞ ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች።

ስድስት ዓመት በሰው ቤት ሠራሁ። ማዳም ስትወጣ በሩን ከውጭ ትቆልፍብኝ ነበር፤ ኮንትራት የሄዳችሁ እህቶቼ ታውቁታላችሁ። ወገቤ አልነሳ ሲል የሁለት ዓመት ደመወዜን እንደያዘች "ኻላስ፣ አገርሽ ግቢ" ብላ ሸኘችኝ።

አዲስ አበባ ስገባ የካ ያለ፣ ከስደት የተመለሱ ሴቶችን የሚያሳርፍ ቤት ተቀበለኝ። በአንድ ክፍል ስምንት ነበርን። ወገቤን ታከምኩ፣ ልብስ ስፌት ተማርኩ። ራሷን የቻለችውን ቤት ተከራይተውላት ያስወጧታል። የምትከታተለን ሰላም "ለእናትሽ ንገሪያት እንጂ" እያለች ትጨቀጭቀኝ ነበር። እናቴ ቁጥር ስለማታነብ በደወልኩ ቁጥር ቤሩት ያለሁ ይመስላታል። ባዶ እጄን መጣሁ ብዬ እንዴት ልንገራት? የራሴ ቤት ልግባና ያኔ እጠራታለሁ፣ መጥታ አብራኝ ትሰነብታለች እያልኩ ቀን እቆጥር ጀመር።

ቤቱ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አጠገብ ተገኘ። አከራይዋ እትዬ ብዙነሽ ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"ባል አለሽ?"

"የለኝም።"

"እንግዳ ይበዛብሻል?"

"ማንም የለኝም እትዬ።"

"ጥሩ ነው፣ ውሃ አይባክንም" አሉ።

የእንጦጦ ብርድ አጥንት ይሰብራል። የቤሩት ወበቅ ናፈቀኝ ብል ትስቁብኛላችሁ። የመጀመሪያ ቀን ሽሮ ስሠራ እጄ ለምዶ ለስምንት ሰው ሠርቼ ብቻዬን ሦስት ቀን በላሁት። እሁድ ጠዋት ነጠላዬን ለብሼ እትዬ ብዙነሽ በር ላይ ቆምኩ።

"ምን ፈለግሽ?"

"ልውጣ ወይ ብዬ ነው።"

"ኧረ በሞቴ፣ እስረኛ ነው እንዴ ያከራየሁት?" ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ቤቴ ተመልሼ ግን አለቀስኩ፤ ቤተ ክርስቲያንም ሳልሄድ ቀረሁ።

ከሰዓት እናቴ ጋ ደወልኩ። የኪዳነ ምሕረት ድምፅ ማጉያ ስብከቱን ቤቴ ድረስ ያመጣዋል።

"የምን ስብከት ነው የምሰማው?" አለች።

"እማ፣ አዲስ አበባ ነኝ። ከመጣሁ ሰባት ወሬ ነው።"

"እኔን ይድፋኝ። ታመሽ ነው?"

"አሁን ድኛለሁ። ቤትም ይዣለሁ። መጥተሽ እንድትሰነብቺልኝ ነው የደወልኩት።"

ስታለቅስ ሰማኋት፤ እኔም አልቻልኩም። ከዚያ ሰው እንዳይሰማት ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"ልጄ፣ የወንድምሽ ሰርግ ደርሷል። የልጅቷ ቤተሰቦች እህቱ ውጭ አገር ናት ተብለው ነው እሺ ያሉት። ሰርጉ እስኪያልፍ እዚያው ቆዪልኝ።"

"የት?"

"ቤሩት" አለች እናቴ።