ዋስ ያጣው እርቅ

በሰኔ መጀመሪያ አንድ ቅዳሜ ማለዳ ከኮምቦልቻ የተነሳሁት እርቅ ለማስቆም ነበር። እርቅ ማስቆም እንደ ነውር የሚታይ ነገር መሆኑ አይጠፋኝም፤ በእኛ አገር የታረቀ ይመሰገናል፣ ያስታረቀም ይመረቃል። ሐሙስ ዕለት ግን ሐያት የምትባል ወጣት ከኩታበር ገጠር በእናቷ ስልክ ደወለችልኝ። ባሏ ደጋግሞ ይደበድባታል። በመጨረሻው ዱላ ግራ ጆሮዋ መስማት አቁሟል። ልጇን አዝላ አባቷ ቤት ገብታለች።

«ቅዳሜ ከዙህር ሶላት በኋላ ሽማግሌዎች ሊያስታርቁን ነው» አለችኝ። «እኔን የጠየቀኝ የለም። ከታረቅን በዚያው ይዞኝ ይሄዳል።»

እኔ ዝናሽ እባላለሁ፤ ኮምቦልቻ ልብስ እሰፋለሁ። ከዚያ በፊት የምደበደብ ሚስት ነበርኩ። እንደኔው ከዱላ ያመለጥን ጥቂት ሴቶች ተሰባስበን ገና ያላመለጡትን እናግዛለን። ቢሯችን የስፌት ቤቴ ነው። ስልክ ቁጥሬን ገበያተኛ ሴቶች ከመንደር መንደር ያደርሱልኛል።

ሀረጎን ስንወጣ

መንገዱ ሰላም መሆኑን ደውዬ ካረጋገጥኩ በኋላ ከመናኸሪያው ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ኮምቦልቻ ገና በማለዳው ሞቃለች። የሀረጎን ዳገት ስንያያዘው ግን ጉሙ መስኮቱን ሸፈነው፤ ረዳቱም ሳይቀር ጃኬቱን ደረበ። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ።

«ለእርቅ ነው» አልኳቸው።

«አላህ ያሳካው፤ እርቅ ሸጋ ነገር ነው» ብለው መረቁኝ። አሜን አልኩ፤ ድምፄ ግን ዝቅ ያለ ነበር።

ከእኛው ሴቶች አንዷ የሆኑት እትዬ ዘሐራ ደሴ ፒያሳ ፉል ቤት ተቀምጠው ይጠብቁኛል። ስድሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ ሰኞ ገበያ ቅመም ይሸጣሉ። ቀኝ ዓይናቸውን ያጠፋው የቀድሞ ባላቸው ነው። ዓይናቸውን በመነጽር አይሸፍኑትም። «እኔ ምን ሠራሁና ልደብቀው?» ይላሉ።

«ፉሉን ጨርሺ» አሉኝ። «ሽማግሌ ፊት በባዶ ሆድ አይቀረብም፤ ቁጣ ይቀድማል።»

«ቢያባርሩንስ እትዬ?»

«የወሎ ሽማግሌ እንግዳ ያባርራል እንዴ? ተቀመጡ ይሉናል። እኛም እንቀመጣለን። አብሽሪ፣ አትስጊ።»

ከኩታበር ወዲያ

ከደሴ ኩታበር ያለው መንገድ በባሕር ዛፍና በታረሰ ማሳ መሐል ይጠማዘዛል። ሌሊት የዘነበው ዝናብ አፈሩን አጥቁሮታል፤ ገበሬው ሁሉ በሬውን ጠምዶ ወጥቷል። ከኩታበር ከተማ ባጃጅ ያዝን። አሽከርካሪው ጭቃውን አይቶ ዋጋ ጨመረ፤ እትዬ ዘሐራ ተከራክረው አስቀነሱትና መንገዱ ያለቀበት ድረስ አደረሰን። የቀረውን ጫማችንን አውልቀን በእግራችን ሄድን።

የሐያት እናት በር ላይ ተቀበሉን። ለእትዬ ዘሐራ የሥጋ ወጥ ቀረበ። ለእኔ አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ አይተው ሳልጠየቅ እርጎና ዳቦ መጣልኝ። ሐያት ስናናግራት ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ ቀኝ ጆሮዋን ትሰጠናለች። ገና ልጅ ናት ማለት ይቻላል፤ ጉንጯ ላይ ያለው ሰንበር ወደ ቢጫነት ተለውጧል።

አባቷ ጋሽ እንድሪስ ቀጠን ያሉ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው።

«የባሏ አጎት ማሳ ከማሳዬ ይዋሰናል» አሉን መሬት መሬቱን እያዩ። «ያለኝ አንድ በሬ ነው፤ ከእሱ በሬ ጋር አቀናጅቼ ነው የማርሰው። ከተጣላን በዚህ ክረምት ምን እዘራለሁ? ልጄን ጠልቼ አይደለም።»

እንደሚወዷት ያስታውቃል። እኔ የፈራሁትም ይህንኑ ነው፤ የሚወድ ሰው ጭምር አሳልፎ ይሰጣል።

ወይራው ሥር

ከሶላት በኋላ ሽማግሌዎቹ ትልቁ ወይራ ሥር ተቀመጡ። የሚመሩት ሸህ ሙሄ ናቸው። ባልየው ከአጎቱ ጋር በአንድ ወገን፣ ጋሽ እንድሪስ በሌላ ወገን ናቸው። ሴቶቹ ርቀው ከአጥሩ ኋላ ቆመዋል። ባል ይቅርታ ሊጠይቅ፣ በግ ሊታረድ፣ ሚስት ቤቷ ልትገባ፤ ነገሩ አልቋል።

እትዬ ዘሐራ «አሰላሙ አለይኩም» ብለው ቀረቡና ከሽማግሌዎቹ አጠገብ ድንጋይ ላይ አረፉ። እኔም ከጎናቸው ተቀመጥኩ።

«ሴቶቹ ወደዚያ ናቸው፤ ቢሆን ከእነሱ ጋር...» አሉ ሸህ ሙሄ በትሕትና።

«ከደሴ ነው የመጣሁት ሸህ፣ ጉልበቴ ዝሏል። እዚሁ ልረፍ።»

«ይረፉ።»

«አላህ ይስጥልኝ። ባለጉዳይዋስ የታለች?»

«አባቷ አለ አይደለም እንዴ?»

«የተመታው አባቷ ነው?»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቁ አመለጠው። ሸህ ሙሄ ግን አልሳቁም፤ ጥቂት አሰቡና ሐያትን አስጠሩ። ልጇን አዝላ መጣች። ቀጥ ብላ ቆመች።

«ጮክ ብላችሁ ተናገሩልኝ» አለች። «ይሄኛውን ጆሮዬን እሱ ደፍኖታል።»

አጥሩ ጋ የነበሩት ሴቶች አንድ ሁለት እያሉ ወደ ጥላው ቀረቡ። ባልየው ሸይጧን አሳስቶት እንደሆነ ተናገረ። አጎቱ ወደ እኔ ዞረ።

«የባልና የሚስት ጠብ እኮ ነው! እነዚህ የከተማ ሴቶች ትዳር ሊያፈርሱ ነው የመጡት። ለመሆኑ አንቺ ማን ነሽ?»

ተነሳሁ።

«ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ያስታረቃት ሴት ነኝ» አልኩ። እጅጌዬን ጠቅልዬ ተጣሞ የገጠመውን ክንዴን አሳየኋቸው። «መጀመሪያ ሲያስታርቁን በግ ታረደ። ሁለተኛ ጊዜ ባሌ ማለ። ከሦስተኛው እርቅ በኋላ ሳምንት ሳይሞላ ይህን ሰበረው። ያስታረቁኝ ደግ ሰዎች ነበሩ፤ ሐኪም ቤት መጥተው አልቅሰውልኛል። ለቅሷቸው አጥንቴን አላቃናውም።»

እትዬ ዘሐራ ሳያዩኝ የቀሚሴን ጫፍ ያዙኝ።

«እናንተ ብድር ስታበድሩ ዋስ ትጠራላችሁ። ዛሬ ሐያትን ከላካችኋት፣ በሰላም ለማደሯ ዋስ የሚሆናት ማን ነው? ደግሞ ቢመታት፣ ቢገድላት፣ እኔ እጠየቃለሁ የሚል ይነሳ።»

ሸህ ሙሄ ወደ አጎትየው ዞሩ።

«አንተ ትሆናለህ?»

«እንግዲህ... የሰው ልብ በምን ይታወቃል?»

«እናንተስ?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ የተነሳ የለም። በመጨረሻ የተነሱት ጋሽ እንድሪስ ናቸው። ዋስ ሊሆኑ መስሎኝ ደነገጥኩ።

«እኔ አባቷ ነኝ» አሉ። «ወላሂ፣ እኔም ዋስ መሆን አልችልም። ዋስ መሆን ካልቻልኩ ደግሞ አልሰጥም። ልጄ ቤቴ ትቀመጥ።»

አጎትየው ብድግ አለ። «እንግዲያው በሬዬን ከዛሬ ጀምሮ እንዳትጠይቀኝ!»

«በዶማ እቆፍራለሁ።»

ሸህ ሙሄ ጢማቸውን እየዳሰሱ ሐያትን ተመለከቷት። «አንቺስ ልጄ፣ ምን ትያለሽ?»

«ሕግ ይየው» አለች ሐያት። «እርቅ የምፈልግበት ቀን ከመጣ ራሴ እነግራችኋለሁ።»

«መርሃባ፣ ይሁን። እንዲህ ከሆነ እኛ ከነገሩ ወጥተናል» ብለው ሸህ ሙሄ እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ። የተበደለች ሴት ፍትሕ እንድታገኝ ለመኑላት። ሁላችንም አሜን አልን፤ ባልየው ግን አንገቱን አቀርቅሮ ከአጎቱ ኋላ ሄደ።

እሁድ

እዚያው አደርን። ጠዋት ከሐያትና ከአባቷ ጋር ወደ ኩታበር ወርደን ፖሊስ ዘንድ ገባን። ቃሏን የተቀበለቻት ሴት ፖሊስ ነበረች። እኔ ልጀምርላት አፌን ስከፍት ሐያት ክንዴን ነካ አደረገችኝና ራሷ ተናገረች፤ ከመጀመሪያው ጥፊ ጀምራ እስከ መጨረሻው ዱላ። እትዬ ዘሐራ ሕፃኑን ታቅፈው ውጭ ይመላለሱ ነበር።

ከዚያ ደሴ ወስደን ጆሮዋን አስመረመርናት። ሐኪሙ ምናልባት ሙሉ በሙሉ ላይመለስ እንደሚችል አልደበቃትም። አለቀሰች። ከዚያ መድኃኒቱን እንዴት እንደምትወስድ ሁለት ጊዜ አስደግማ ጠየቀችው።

ኮምቦልቻ ስገባ ወደ ማታ ነበር፤ ሙቀቱ ደስ አለኝ። ክንዴን ለሰው ባሳየሁ ቁጥር አዲስ የተሰበረ ያህል ያመኛል፤ ያን ዕለትም አመመኝ። ከጉዞው የተረዳሁት ነገር ቢኖር እነዚያ ሽማግሌዎች ክፉዎች አለመሆናቸውን ነው። ሲያስታርቁ የኖሩት የተጎዳችውን ሴት ፊት ለፊት ሳያዩ ነው። ስለዚህ ነገሩን የቀመሰችው ሴት ገብታ መቀመጥ አለባት፤ ቢቆጧትም፣ ማን ነሽ ቢሏትም። የሚከፈለውም ዋጋ ቀላል አይደለም። ክሱ ገና በፍርድ ቤት ነው። ጋሽ እንድሪስ በዚያ ክረምት ከማሳቸው ግማሹን ብቻ ዘሩ፤ እሱንም ጎረቤቶች ደርሰውላቸው።

ክረምቱ ሲወጣ ሐያት ለሕክምና ደሴ መጥታ በዚያው እኔ ዘንድ ወረደች። ልጇን ጨርቅ መሐል አስቀመጠችና ከስፌት መኪናው ጩኸት በላይ እንድሰማት ጎንበስ አለች።

«ከእኛ ማዶ ያለችው ልጅ አጥንቷ እስኪታይ በባሏ ተገርፋለች» አለችኝ። «ትናንት ቤቷ ሄጄ አየኋት። መቼ እንሂድላት?»

መኪናውን አቆምኩና ለእትዬ ዘሐራ ደወልኩ።