ባለቤት የለውም የተባለው ሙሾ

እኔና ባለቤቴ ሙዚቃ አሳታሚ ነን ስንል ሰው ይስቅብን ነበር። ቢስቅም አይፈረድበትም። እኔ እስራኤል አገር፣ ሃይፋ አጠገብ ክርያት ቢያሊክ ውስጥ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት እሠራለሁ፤ አጥባለሁ፣ አበላለሁ፣ አንሶላ እቀይራለሁ። እሱ ቲራት ካርሜል አንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ይገባል። አሳታሚ ቤታችን ደግሞ ሃይፋ፣ ሃሊሳ ሰፈር፣ ከምንኖርበት ሕንፃ ሥር ያለው ሚክላት ነው፤ ሳይረን ሲጮኽ ጎረቤት ሁሉ የሚወርድበት መጠለያ። ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ የመንገዱ ጫጫታ አይሰማበትም። ባለቤቴ ብርድ ልብስ ሰቀለበት፣ ማይክ ተከለበት፣ ኮምፒዩተር አስገባበት። በጦርነቱ ወራት ጎረቤቶቻችን በሌሊት ልብሳቸው እየወረዱ በማይኮቹ መካከል ይቀመጡ ነበር። አንዲት ከሩሲያ የመጣች ጎረቤታችን ሽቦ እንዳትረግጥ ጫማዋን አውልቃ ነበር የምትገባው።

የምንቀዳው ትልልቆቹ ኩባንያዎች በር የማይከፍቱላቸውን ሰዎች ነው፤ መሰንቆ መቺዎችን፣ የሠርግ ዘፋኞችን፣ የድሮ የትግርኛ ዜማ የሚያውቁ እናቶችን። ቀድተን ሰው በስልኩ ከፍቶ እንዲሰማው ኢንተርኔት ላይ እንጭነዋለን። የሚገኘው ፍራንክ የሚክላቱን መብራት እንኳ አይችልም። ግን የዘፋኙ ስም ከዘፈኑ ጋር አብሮ ይወጣል። ከዚያ በላይ ጠይቀን አናውቅም።

በሰፈራችን ሙሾ አውራጅ ነበሩ፤ ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። ከጎንደር በእግር በሱዳን በኩል ከመጡት ናቸው። ሃይፋም ይሁን ዙሪያዋ ሰው በሞተ ቁጥር የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። እሳቸው ካላወረዱ ለቅሶው ለቅሶ አይመስልም፤ ወንዱም ሴቱም ዕንባውን የሚያገኘው በእሳቸው ድምፅ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ለራሳቸው ልጅ ያወጡት ሙሾ ነበር። የበኩር ልጃቸው ሱዳን በረሃ ላይ ነው የሞተው። እዚያው አሸዋ ውስጥ ቀብረውት መጡ። ቦታውን ዛሬ የሚያውቅ የለም።

ይህን ሙሾ እንቅዳልዎ ስላቸው መጀመሪያ ተቆጡኝ።

«ሬሳ ፊት እንጂ ብረት ፊት ማን ያለቅሳል?» አሉ።

ከሳምንታት በኋላ ግን ራሳቸው ደረጃውን ይዘው ወረዱ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እንደ ለቅሶ ቤት ነው የመጡት።

«የልጅ ልጆቼ አማርኛ በቅጡ አይሰሙም» አሉን። «እኔም ነገ እሄዳለሁ። መቃብር የለው፣ የሚጠራው የለው። ስሙ አንድ ቦታ ይቀመጥልኝ ብዬ ነው።»

ባለቤቴ መብራቱን ቀነሰላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ጀመሩ። 

ጥላ ብዬ ባርፍ ሆነብኝ ፀሐይ፣
ልጄን ያለበስኩት አሸዋ ነወይ።

ከዚያ የልጁን ስም ጠሩት። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ሦስቴ እያነሡ፣ እያዘገሙ ነው የሚጠሩት፤ የመጨረሻው ላይ ድምፃቸው ይሰበራል። ሲጨርሱ ባለቤቴ ማሽኑን ሳያጠፋ ቀረ። እኔም አጥፋው አላልኩትም።

ስማቸውን አስቀድመን፣ የልጁን ስም ርዕስ አድርገን አወጣነው። ሰዎች ከአዲስ አበባም፣ ከአስመራም፣ ከየት ከየቱ ጻፉልን። እነዚያን መልእክቶች እማማ ቤት ሄጄ አነብላቸው ነበር። «ሰዉ ልጄን አወቀው» እያሉ ደስ ይላቸዋል።

በዓመቱ ቲራት ካርሜል፣ ፋብሪካዎቹ መካከል ባለ አዳራሽ ሠርግ ተጠራን። እማማም ነበሩ፤ ሙሽራው የዘመዳቸው ልጅ ነው። እኔ ከአጠገባቸው ተቀምጫለሁ። ምግቡ ተበልቶ መብራቱ ቀይና ሰማያዊ ሲሆን ልጆቹ ወደ መሐል ወጡ። ዲጄው አንድ ነገር ከፈተ፤ ከበሮው ወንበሩን ያንቀጠቅጣል። ከከበሮው ላይ የሴት ድምፅ መጣ። እማማ ናቸው። ዘፈኑን የሠሩት ሰዎች የልጃቸውን ስም ቆርጠውታል፤ የመጀመሪያዋን ፊደል ብቻ ይዘው ያስተጋቡባታል፣ ያፈጥኑባታል፣ ከዚያ ሙሉ ስሙ ሲመጣ ከበሮው ይፈነዳል፣ ልጆቹም እጃቸውን ሰቅለው አብረው ስሙን ይጮኻሉ።

እማማ ብድግ አሉ። ጠረጴዛውን ይዘው አዳራሹን ተመለከቱ።

«ማን ሞተ?» አሉኝ። «ማን ሞቶ ነው የሚያወርዱት?»

የልጅ ልጃቸው እየጨፈረች፣ ላብ በላብ ሆና መጣች።

«ሳፍታ፣ ሰማሽ? ያንቺ ድምፅ እኮ ነው! ሁሉም ሰው ይሄን ነው የሚሰማው!»

ልጅቷ በኩራት ነው የተናገረችው። አያቷን በዕብራይስጥ ሳፍታ፣ በአማርኛ አንቺ የምትለው በንቀት አይደለም፤ እርስዎ ማለትን ያስተማራት የለም። እማማ ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው አዩዋት። ከዚያ «ወደ ቤት ውሰዱኝ» አሉ።

የጭፈራውን ዘፈን ያወጣው ትልቅ አሳታሚ ነው። ድምፁን ከእኛ ገጽ ላይ ነው ያነሣው። እኛ ይህን ልንከስ ስንዘጋጅ የራሳችን ቅጂ ከገጻችን ጠፋ። በምትኩ ከድረ ገጹ መልእክት መጣ፤ የጫናችሁት ድምፅ የሌላ ባለመብት ንብረት ስለሆነ ተነሥቷል ይላል። ባለቤቴ ደግሞ ደጋግሞ አነበበው። ሳቀ። ሲስቅ ያን ያህል አስጠልቶኝ አያውቅም።

ጻፍን። የሚመልስልን ማሽን ነው። ሌላ ጻፍን፤ ያው መልስ በሌላ ቀን መጣ። ጠበቃ ዘንድ ሄድን፤ እውነቱ ከእናንተ ጋር ነው፣ አቅሙ ግን ከእነሱ ጋር ነው ብሎ ሸኘን።

እንዲህ ነው የትንንሽ አሳታሚዎች ማኅበር ውስጥ የገባሁት። ታችኛው ከተማ፣ ወደቡ አጠገብ፣ የአንድ አባል በሆነ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ነበር የምንሰበሰበው። የዑድ ሙዚቃ የሚያሳትም አረብ አለ፤ ጃዝ የሚቀዳ ሩሲያዊ ሽማግሌ አለ፤ የሞሮኮ አይሁዶችን የጸሎት ዜማ የምታሳትም ሴት አለች። የሁላችንም ታሪክ አንድ ነው። ሥራችንን ማንም ይወስደዋል፣ ማሽኑ የሚያምነው ግን የወሰደውን ነው። ዑደኛው «አባቴ የደረሰውን ዜማ እኔ ስጭነው ሌባ ተባልኩ» ይለን ነበር። ቢሮ ለቢሮ ዞርን፣ ጋዜጣ ላይ ጻፍን፣ የሕዝብ ተመራጮች ዘንድ ተሰለፍን። እኔ ከሥራ ስወጣ የሥራ ልብሴን እንደለበስኩ ነበር የምሄደው። በተሰበረ ዕብራይስጤ ስለ ቅጂ መብት ስናገር ሰዎቹ በትሕትና ይሰማሉ። ትሕትናቸው አይጎድልም፤ ሌላው ነው የሚጎድለው።

በመጨረሻ ከትልቁ አሳታሚ የተላከ ሰው ሊያነጋግረን መጣ። ወጣት ነው፣ መልካም ፊት ያለው። እማማን ይዣቸው ሄጄ ነበር፤ እኔ እያስተረጎምኩ ነው የሰሙት።

«ስሕተት ተፈጥሯል፣ እናዝናለን» አለ። «ቅጂያችሁ ወደ ገጻችሁ ይመለሳል። ለእሳቸውም የሚሰጥ ነገር አለን። እሳቸው የሚፈርሙት ድምፁ ባህላዊ መሆኑን ብቻ ነው፤ ማለት ደራሲ የሌለው፣ የሕዝብ የሆነ።»

ይህን ስተረጉምላቸው እማማ ደግመሽ ንገሪኝ አሉኝ። ደግሜ ነገርኳቸው።

«ንገሪው» አሉ፤ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ባህል አልወለደውም በይው። እኔ ነኝ የወለድኩት።»

ነገርኩት። ወጣቱ አንገቱን ደፋ። ያፈረ መሰለኝ። ቢያፍርም ወረቀቱን አጥፎ ቦርሳው ውስጥ መለሰና «ካልተፈረመ የእኔ ሥልጣን እዚህ ላይ ያበቃል» አለ። እማማ አልፈረሙም።

ማኅበሩ ግን ከትልልቆቹ አሳታሚዎች ጋር ተስማማ። ሕጉን ለመለወጥ የጀመርነው ሙግት ትልልቆቹ ገንዘብ የሚያስገቡበት አንድ የጋራ ሣጥን አመጣ፤ ከሣጥኑ ለትንንሾቹም እንደ አድማጫቸው ብዛት ይታደላል ተባለ። ወለል አለው፤ ከወለሉ በታች አድማጭ ያለው ምንም አይደርሰውም። የእኛ ዘፋኞች በሙሉ ከወለሉ በታች ሆኑ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር «ትልቅ ድል ነው» ብላ ጭማቂ አስቀዳችልን። ጃዝ ቀጂው ሽማግሌ ብርጭቆውን ሳይነካው ተነሥቶ ወጣ። እኔ ተቀምጬ ጠጣሁት። ደክሞኝ ነበር።

በስምምነቱ ቅጂያችን ወደ ገጻችን ተመለሰ። ሙሾው እንደ ቀድሞው በስማቸው አለ። የጭፈራውም ዘፈን አለ፤ ሥሩ ላይ «ባህላዊ ድምፅ» ይላል። አዲስ ሰው ሙሾውን ሰምቶ የሚጽፍልን «ይሄ የዚያ የጭፈራ ዘፈን ቅጂ ነው ወይ?» እያለ ነው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጎረቤታችን ሞቱ። ለቅሶ ቤቱ ሞልቷል። እንደ ልማዱ ለእማማ ቦታ ለቀቁላቸው። ተነሥተው መሐል ቆሙ፣ የሟቹን ስም ጠሩ፣ ያንኑ የልጃቸውን ዜማ አነሡት። ከኋላ የቆሙ ልጆች አወቁት። ክፉ ነገር አላደረጉም፤ ተያዩ፣ አንደኛው ሳያስበው በእግሩ መሬቱን መታ መታ አደረገ። ከበሮውን እየሰማ ነበር። እማማም ሰሙት። አፋቸውን ገጠሙ። ሰዉ ጠበቃቸው፤ ዕንባ ያነቃቸው መስሎት ነበር። እሳቸው ግን ነጠላቸውን ሰብስበው ቦታቸው ላይ ተቀመጡ።

ውጭ ስንወጣ ክንዳቸውን ያዝኩ።

«እማማ፣ ልጆች ናቸው፣ አያውቁም» አልኳቸው።

«አውቃለሁ ልጄ፤ ባያውቁ ነው» አሉኝ። «እኔ ግን ከእንግዲህ ልጄን ስጠራው ከበሮው ነው የሚመጣብኝ። ድሮ አሸዋው ነበር የሚመጣብኝ። እሱም ቢሆን የእኔ ነበር።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አላወረዱም። ሰው ሲሞት ይሄዳሉ፣ ይቀመጣሉ፣ እንደ ማንኛውም ሰው አፍንጫቸውን በነጠላቸው ይጠርጋሉ። በሃይፋ ያለን የጎንደር ሰዎች አሁን የምንቀብረው በጸጥታ ነው። ባለቤቴ ማይኮቹን አላነሣም፤ መሰንቆ መቺዎቹ አሁንም ይመጣሉ። እኔም ማኅበሩ ሲጠራ እሄዳለሁ፤ እጄን አወጣለሁ፣ የእማማ ሙሾ ደራሲ እንዳለው ቃለ ጉባኤ ላይ እንዲጻፍልኝ እጠይቃለሁ። ይጽፉታል። ከዚያ ሊቀ መንበሯ አመስግናኝ ወደ ቀጣዩ አጀንዳ ታልፋለች።