ክትባቱን የተኮሰው ማጭድ

ዛሬ ጠዋት ከአይከል ወጣ ብሎ ወዳለው የእናቴ አገር ስደርስ፣ ጎረቤታችን አያ ታከለ የጋለ ማጭድ በበሬያቸው አንገት ላይ ሲያሳርፉ አገኘኋቸው።

በሬው አልታመመም። ከትናንት በስቲያ አባ ጎርባ የሚባለውን የከብት በሽታ እንዲከላከል ተከተበ፤ መርፌው የገባበት ቦታ ትንሽ አበጠ። ወንጀሉ ይኸው ነው።

«ምነው አያ?» አልኩ።

«እብጠት ይተኮሳላ! ያን ሁሉ ዓመት ተምረህ ይቺን አታውቅም?»

እብጠቱ እኮ ነጭ የደም ሴሎች ተሰብስበው የአባ ጎርባን ባክቴሪያ መልክ የሚያጠኑበት ቦታ ነው፤ ነገ በሽታው ሲመጣ ለይተው እንዲውጡት። አያ ታከለ ተማሪዎቹን ከነትምህርት ቤታቸው አቃጠሉ። ደህናውን ቆዳ አቁስለውም ለሌላ ጀርም በር ከፈቱ።

ያላቸው በሬ አንድ ነው፤ ከጎረቤት አቀናጅተው ነው የሚያርሱት። የቆሰለ አንገት ደግሞ ቀንበር አይሸከምም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሽማግሌው አይደሉም፤ ከታቢው ነው። የአገሩን ከብት ሁሉ ሲወጋ ውሎ፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ሞተሩን አስነስቶ ሄደ።

«ያብጣል፤ በራሱ ይጠፋል፤ አትንኩት» ማለት ስንት ትንፋሽ ይፈጃል?

በእናንተስ አገር ሰውነቱ ሊከላከልለት ሲነሣ የተተኮሰ፣ የተበጣ ከብት አለ? ጻፉልኝ እስቲ፤ ብቻዬን ተናድጄ አልዘልቀውም።